የአሰብ መንገድ፦ ስሙ የቀረ፣ ባህሩ የራቀ



ኮምቦልቻ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሽቅብ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ሌላው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ወደ ባቲ ይወርዳል። በሁለተኛው መንገድ የሚሄደው መኪና ረዳት «ባቲ! ሚሌ! ሰመራ!» እያለ ይጣራል። ለብዙዎቻችን ይህ መንገድ ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱበት፣ ለሥራ ሰመራ የሚወርዱበት፣ ሙቀቱ ሲበረታ መስኮት የሚከፍቱበት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ሽማግሌዎቻችን ግን ዛሬም «የአሰብ መንገድ» ይሉታል።

አሰብ! ከዚህ መንገድ ተሳፍሮ አሰብ የሚወርድ ሰው የለም። ታዲያ የማይደርስበትን ወደብ ስም ለምን ተሸክሞ ይኖራል? ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ኋላ ስንሄድ የምናገኘው የድንጋይና የሬንጅ ታሪክ ብቻ አይደለም። የአባቶቻችንን ንግድና ሐጅ፣ የቅኝ ገዢዎችን ስሌት፣ የወሎንና የአፋርን ረሃብ፣ በቅርቡም ያየነውን ጦርነት እናገኛለን። ከሁሉም በላይ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ መንገድ ለማን ነው የሚሠራው?

መንገዱ በየት በየት ያልፋል?

መጀመሪያ መንገዱን እንወቀው። የሚነሳው በቦርከና ወንዝ አጠገብ ከተዘረጋው፣ ከባህር ወለል በላይ ከ1800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ካለው የኮምቦልቻ ሜዳ ነው። የቃሉን ምድር አቋርጦ በደጋንና በገርባ በኩል ይሄድና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባቲ ይገባል። ባቲን ብዙ ሰው የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው፦ ከአራቱ የኢትዮጵያ የዜማ ቅኝቶች አንዱ በስሟ በመጠራቱና በሰኞ ገበያዋ። የሰኞ ገበያዋ በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነው። አፋሩ ግመሉን፣ ፍየሉንና ጨውን ይዞ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው እህሉን፣ በርበሬውንና ጨርቁን ይዞ ይጠብቀዋል። በአንድ ገበያ ውስጥ ሦስትና አራት ቋንቋ ይሰማል፤ ሁሉንም አቀላጥፎ የሚናገር ነጋዴም አይጠፋም።

ከባቲ በኋላ አየሩ ይለወጣል። ተራራው እየራቀ፣ ግራሩ እየሳሳ፣ መሬቱ እየገረጣ ይሄዳል። በእሊውሃ አልፎ ከኮምቦልቻ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሚሌ ሲደርስ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ወርዷል። ሚሌ ላይ ከአዋሽ የሚመጣው ትልቁ መንገድ ይቀላቀለዋል። ከዚያ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ሰርዶ፤ ቀጥሎም ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የዶቢ የጨው ሜዳ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይለያያል። አንዱ ወደ ጋላፊና ጅቡቲ ይታጠፋል፤ የድሮው ደግሞ በማንዳና በቡሬ በኩል ወደ ቀይ ባህር ይወርዳል። ከኮምቦልቻ እስከ አሰብ ድረስ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው።

ከአስፋልቱ በፊት

መንገዱን ጣሊያን ሠራው ሲባል ትሰማላችሁ። አስፋልቱን በተመለከተ እውነት ነው፤ መንገዱን በተመለከተ ግን ግማሽ እውነት ነው። ከጣሊያን በፊት ለዘመናት የወሎ ደጋ ከአፋር ቆላና ከባህሩ ጋር የሚገናኘው በሲራራ ነጋዴዎች ነበር። ቅፍለቱ በአውሳ በኩል ወደ ታጁራና ወደ ሌሎች የባህር ዳር መንደሮች ይወርዳል፤ ሲመለስ ጨው፣ ጨርቅና ከባህር ማዶ የመጣ ሸቀጥ ይዞ ይወጣል። በዚህ ንግድ ሙስሊሞች የጎላ ድርሻ ነበራቸው።

በዚያ በረሃ ማንም ዝም ብሎ አያልፍም። ውሃው የት እንዳለ የሚያውቅ፣ በየጎሣው ፊት ቆሞ «እነዚህ የእኔ እንግዶች ናቸው» የሚል የአፋር ሰው ያስፈልጋል። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠው አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ይህ «ዳጉ» ይባላል። የት ዘነበ? የትኛው ውሃ ደረቀ? ማን ጋር ጠብ አለ? ያየኸውን ካየኸው፣ የሰማኸውን ከሰማኸው ለይተህ ትናገራለህ። የሐሰት ወሬ የሰጠ ሰው ያፍራል፤ ምክንያቱም በዚያ በረሃ የሐሰት ወሬ ሰው ይገድላል። ዛሬ በእጃችን ባለው ስልክ ያላጣራነውን ለሌላው የምናስተላልፍ እኛ፣ ከዚህ መንገድ የምንማረው የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በዚሁ መንገድ ሰውና ዕውቀትም ተመላልሷል። የአውሮፕላን ጉዞ ባልነበረበት ዘመን ከደጋው የተነሳ ሐጅ አድራጊ ቆላውን አቋርጦ ባህር ዳር መድረስ፣ ከዚያም በጀልባ መሻገር ነበረበት። ስንቅ፣ በሽታ፣ ሽፍታና ጥም ያለበት የወራት ጉዞ ነው። መንገዱ የሚነሳበት የቃሉ ምድር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታወቁ የዒልም ማዕከላት የነበሩበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1863 ያረፉት ሐጂ ቡሽራ የመሠረቱት ጌታ አንዱ ነው። ኪታብና ደረሳ፣ ጨውና ጨርቅ የሚጓዙት በተመሳሳይ ዱካ ነበር።

ግን ታሪክን ስናነሳ የሚያምረውን ብቻ አንመርጥም። ከደጋው ወደ ታጁራ የተነዱት ከብቶች ብቻ አልነበሩም። በባርነት የተያዙ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናትም በእግራቸው ተነድተው ባህር ማዶ ተሽጠዋል። ከነጋዴዎቹ መካከል ሙስሊሞች ነበሩበት። ለእነዚያ ሰዎች ይህ መንገድ የሐጅም የንግድም መንገድ አልነበረም። እነሱንም ማስታወስ የመንገዱ ሐቅ ነው።

አሰብ እንዴት ተሸጠች?

እ.ኤ.አ. 1869 የስዊዝ ቦይ የተከፈተበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል የቀድሞ ሚሲዮናዊ ሩባቲኖ ለተባለ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ ብሎ ከአካባቢው የአፋር ሹማምንት አሰብ ላይ መሬት ገዛ። እ.ኤ.አ. በ1882 የጣሊያን መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ። ኋላ ኤርትራ የተባለችው ቅኝ ግዛት የመጀመሪያ እግሯ ያረፈው እዚህ ነው።

ጣሊያኖች ወዲያው የፈለጉት ከአሰብ ወደ ደጋው የሚያስገባ መንገድ ነበር። በረሃው ግን እንዲህ በቀላሉ አልተከፈተላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1881 የጁሊየቲ ጓድ፣ በ1884 ደግሞ ጉስታቮ ቢያንኪ በአፋር ምድር ተገደሉ። ፔትሮ አንቶኔሊ ግን ሌላ ዘዴ ያዘ። ከአውሳው ሱልጣን ከመሐመድ ሃንፈሬ ጋር ተስማምቶ በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ ተመላለሰ፤ ለንጉሥ ምኒልክም በዚህ አቅጣጫ የጦር መሣሪያ አስገባ። ጠመንጃውን ያስገባው ይኸው ሰው ነው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው ወሎ ውስጥ የውጫሌን ውል የተዋዋለው። ከቁልቁለቱ በታች ያለው የአውሳ ሱልጣንና ከላይ ያለው ንጉሥ በአንድ ዱካ ተያይዘው ነበር ማለት ነው።

አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጣሊያን የወዳጅነት ውል ፈረሙ። አብሮት በተፈረመው ስምምነት ኢትዮጵያ አሰብ ላይ ነፃ የወደብ ቀጠና ታገኛለች፤ ከአሰብ እስከ ደሴም የመኪና መንገድ ይሠራል። በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስል ነበር። ነገር ግን ዕቃ የሚያስገባ መንገድ ጦርም ያስገባል። ስጋትና ጥርጣሬ ገብቶ ሥራው ተጓተተ፤ መንገዱም ሳይሠራ ቀረ።

ጦሩ ግን መንገዱን አልጠበቀም። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከአሰብ የተነሳ የጣሊያን ጦር በግመል እየጫነ፣ ከአውሮፕላን ስንቅ እየተጣለለት በረሃውን አቋርጦ ሰርዶን ያዘ። ከወረራው በኋላ ፋሺስቶቹ ያንን በረሃ በመኪና መንገድ ቆረጡት። ዓላማቸው ግልጽ ነበር፦ ጦራቸውንና ሸቀጣቸውን የፈረንሳይ ከነበረው የጅቡቲ ባቡር ሳይለምኑ ወደ መሐል አገር ማስገባት። ቅፍለቱ ሳምንታት ይፈጅበት የነበረውን ርቀት መኪና በቀናት ይጨርሰው ጀመር። ደስታቸው ግን አልዘለቀም። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ደሴ፣ በሰኔ ደግሞ አሰብ ከእጃቸው ወጡ። እነሱ ሄዱ፤ መንገዱ ቀረ።

ቦቴው ያልፋል፣ ረሃቡ ይቀራል

ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድርም ከጣሊያን የቀሩት ዋና ዋና መንገዶች መታደስ ጀመሩ። በ1945 ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ ሆነች። በ1959 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ነው የቦቴዎቹ ዘመን የመጣው። ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎችና ባለ ተሳቢ «ኤንትሬ» መኪኖች ቀን ከሌት ይመላለሱ ጀመር። በየመንገዱ ዳር ሻይ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ የሹፌሮች ማደሪያው በቀለ።

በዚያው ጊዜ ከመንገዱ አጠገብ ሌላ ለውጥ ነበር። በታችኛው አዋሽ ተንዳሆ ላይ ሚቸል ኮትስ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በ1950ዎቹ ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፈተ። የታረሰው መሬት ባዶ መሬት አልነበረም። አፋሩ በበጋ፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ፣ ከብቱን ይዞ የሚጠጋበት የወንዝ ዳር ግጦሽ ነበር። ዝናብ በሚዘንብበት ዓመት ጉዳቱ ጎልቶ አይታይም። ዝናቡ የቀረ ዕለት ግን መሸሻ የለም።

ዝናቡም ቀረ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ተራበ። ገበሬው የቤቱ እህል ሲያልቅ፣ በሬውንም ሲሸጥ፣ ልጆቹን ይዞ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ለምን ወደ አስፋልቱ? መኪና የሚያልፈው እዚያ ስለሆነ፤ የሚያይ ሰው ያለው እዚያ ስለሆነ። በመንገድ ዳር ከተሞች የተራበ ሕዝብ ተከማቸ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። መንግሥት ግን ደበቀው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ያዩ መምህራን ፎቶ ይዘው ተመለሱ፤ ተማሪዎችም ጮኹ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም ሰማ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ወሎ መንገድ አልነበረውም ወይ? ነበረው። ዋናው የሰሜን መንገድ በመሐሉ ያልፋል፤ የአሰብም መንገድ እዚያው ይጀምራል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመው መጽሐፉ ያሳየው ይህንኑ ነው። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ ያን ያህል የእህል እጥረት አልነበረም። ችግሩ የተራበው ሰው የሚገዛበት አልነበረውም። ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ ሌላ ቦታ የሄደበት ሁኔታም ነበር። እህል የሚሄደው ሆድ ወደ ባዶበት ሳይሆን ኪስ ወደ ሞላበት ነውና! አርብቶ አደሩ አፋር ደግሞ በሁለት በኩል ተመታ። ከብቱ አለቀ፤ የተረፈውንም ወደ ገበያ ሲያወጣ የከብት ዋጋ ወድቆ፣ የእህል ዋጋ ተሰቅሎ ጠበቀው። የባቲን ሰኞ ገበያ በዓይነ ህሊናችሁ አስቡት። ሰውዬው ግመሉን ይዞ ይመጣል፤ ትናንት ቤተሰቡን ለወራት ይመግብ የነበረው ግመል ዛሬ የሚያወጣው እህል ጥቂት ነው። ከገበያው አጠገብ ባለው አስፋልት ላይ ደግሞ ነዳጅ የጫነው ቦቴ ያልፋል።

በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከዚሁ መንገድ ገባ ባለው የሀዳር በረሃ ድንቅነሽ ተገኘች። ዓለም ሚሊዮን ዓመታት የቆየ አጥንት ለማየት ወደ አፋር ዓይኑን አዞረ። ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ምድር በረሃብ ያለቁትን የቆጠራቸው ግን አልነበረም።

አስር ዓመት ያህል ቆይቶ ረሃቡ ተመለሰ። በ1977 ዓ.ም. ባቲ የገበያ ከተማ ብቻ መሆኗ ቀረ፤ ከታላላቆቹ የተረጂዎች መጠለያ አንዱ እዚያ ተተከለ። ከደጋ የወረደውም ከቆላ የወጣውም አንድ ሜዳ ላይ ተገናኘ። ድሮ ለንግድ የሚገናኙ ሰዎች ለስፌር ዱቄት ተሰለፉ። ከእኛ መካከል ከዚያ መጠለያ የተረፉ አባትና እናት ያሏችሁ አላችሁ። ብዙዎቹ አያወሩትም።

መንገዱ ሲዘጋ

በደርግ ዘመን ይህ መንገድ የአገር እስትንፋስ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። የአውሳው ሱልጣን አሊ ሚራህ ሃንፈሬ በ1967 ከደርግ ጋር ተጋጭተው ተሰደዱ፤ በአፋር ምድርም ትግል ተጀመረ። በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ የሶማሊያው ጦርነት የጅቡቲን ባቡር ቆረጠው፤ የምፅዋም መንገድ በኤርትራ ጦርነት ተዘጋ። የቀረው የአሰብ መንገድ ብቻ ሆነ። ነዳጁም፣ ታንኩም፣ የእርዳታ ስንዴውም በዚህ ገባ።

የሚገርመው ግን መንገዱ ይበልጥ በተፈለገበት በዚያው ዘመን ግማሹ ተተኪ አግኝቶ ነበር። በአዋሽ ሸለቆ በኩል፣ ከአዋሽ በገዋኔ አድርጎ ሚሌ የሚወጣው መንገድ ሲከፈት ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ከባድ መኪና የባቲንና የኮምቦልቻን ዳገት መውጣት አላስፈለገውም። ባቲ ላይ ያድር የነበረ ሹፌር በሌላ በኩል ማለፍ ጀመረ። መንገድ ሲዞር ከተማ እንዴት እንደምትቀዘቅዝ የባቲ ባለ ሻይ ቤቶች ያውቁታል።

ከዚያ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። አሰብ በውጭ አገር ብትሆንም ጭነቱ ቀጠለ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን በአንድ ጊዜ ቆመ። አሰብ ተወልደው ያደጉ፣ ወደቡ ላይ ሲሠሩ የኖሩ ኢትዮጵያውያን ንብረታቸውን ትተው በመጡበት መንገድ ተመለሱ። የአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ በሞላ ጎደል ወደ ጅቡቲ ዞረ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቡሬ ድንበር ሲከፈትና የሁለቱ አገር መሪዎች እዚያው ተገኝተው ሲያከብሩ ብዙ ሰው ተስፋ አደረገ። ዓመት ሳይሞላው ድንበሩ ተመልሶ ተዘጋ።

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ መንገዱ ራሱ የጦርነቱ ዒላማ ሆነ። ደሴና ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ባቲ የጦርነት ቀጠና ሆኑ። ካሳጊታ ላይ የተደረገው ውጊያ ሚሌን ለመያዝና ላለማስያዝ ነበር፤ ሚሌን የያዘ የአገሪቱን የጅቡቲ መስመር ይይዛልና። ቤቱ የተዘረፈበትና ልጁን የቀበረው ግን ወደብ አይቶ የማያውቅ የመንገድ ዳር ሰው ነው።

ታዲያ ምን እንያዝ?

የዚህን መንገድ ታሪክ ከላይ እስከ ታች ስናየው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ከሩባቲኖ ኩባንያ ጀምሮ ለመንገዱ ገንዘብ ያወጣ ሁሉ ያሰበው ስለ ሁለቱ ጫፎች ነው፤ ስለ ወደቡና ስለ ዋና ከተማው። በመሐል ያለው ሰው በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። ለዚህ ነው ነዳጅ በሚያልፍበት ቦታ ሰው በረሃብ ያለቀው። ጥፋቱ የአስፋልቱ አይደለም። አስፋልት የታዘዘውን ነው የሚያሳልፈው።

ዛሬም ስለ ወደብ፣ ስለ አዲስ መንገድና ስለ ባቡር ብዙ ይወራል። እኛም በየስልካችን እንከራከራለን። ይሁን፤ ግን ስንከራከር አንድ ጥያቄ እንጨምርበት፦ የባቲው ነጋዴና የእሊውሃው አርብቶ አደር በዚህ ዕቅድ ውስጥ ምን አላቸው? በክፉ ዓመት እህሉ በየት በኩል፣ በማን ገንዘብ ይደርሳቸዋል? ይህን የሚጠይቅ ከሌለ የሚመጣውም መንገድ እንዳለፈው ያልፋቸዋል።

ሌላም ከእጃችን የማይወጣ ሥራ አለ። በሲራራ የነገዱ አባቶች አልፈዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። የእነሱን ወሬ የሰሙ ልጆቻቸው ግን አሉ። በቦቴ አሰብ የተመላለሱ ሹፌሮች በየከተማችን ጡረታ ወጥተው ተቀምጠዋል፤ ከመስጂድ ሲወጡ የምናያቸው ናቸው። ከአሰብ የተመለሱ እናቶች አሉ። ከባቲ መጠለያ የተረፉ አሉ። ስልካችን ድምፅ ይቀርጻል። አጠገባቸው ቁጭ እንበልና እንደ ዳጉ ሰዎች እንጠይቃቸው፦ ያዩትን ካዩት፣ የሰሙትን ከሰሙት ለይተን እንመዝግብ።

ሰኞ ጠዋት በባቲ መንገድ ብትሄዱ ግመሎቹን ታያላችሁ። አስፋልቱን ለመኪናው ትተው ከዳር በኩል፣ በአቧራው ላይ ተሰልፈው ወደ ገበያ ይወጣሉ። ያ የዳር ዱካ ከአስፋልቱ በፊት ነበር። ወደብ ሲከፈትም ሲዘጋም ሰው አልጠፋበትም።